የአባቴ ሪዝ በጠፋ ዕለት

በሃርመን ፍላት ለምትኖሩ ምእመናን፣ በዙሪያዋ ላላችሁ ባለከብቶችና ነገሩ ይመለከተናል ለምትሉ ፍጥረታት በሙሉ፦ የዛሬ ሃያ አራት ዓመት፣ በግንቦት ሦስተኛው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ግድም አንድ የሐሰት ሪዝ ጠፍቷል። ርዝመቱ አንድ ጣት፣ ቀለሙ የትምባሆ፣ ጠረኑ የሙጫ ነው። ንብረትነቱ የሃርመን ፍላት ጸሎት ቤት ሲሆን፣ በሰው ከንፈር ላይ ተለጥፎ አሥራ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ጌታን በታማኝነት አገልግሏል። ያገኘ እንዲመልስ፣ የወሰደም ንስሐ እንዲገባ በማግሥቱ እሑድ ከመድረክ ተነግሯል። ለሪዙም ተጸልዮለታል።

የወሰድኩት እኔ ነኝ። ዊላ ስቶዳርድ፣ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ። የሰረቅኩት ደግሞ አባቴ ሰው እንዳይገድል ብዬ ነው።

ከሥሩ ልጀምር። ፓስተራችን ወንድም ቨርነን ቲግ በአንድ የጥር እሑድ መድረክ ላይ ወጥቶ ጌታ እንደተናገረው ነገረን። ጌታ ያለው «የካውቦይ ፊልም ሥራ» ነው። በእኛ የቴክሳስ ጥግ ለጸሎት የማይመጣ ሰው እንኳ ለካውቦይ ፊልም በሩን ዘግቶ ስለሚቀመጥ፣ ጌታ የሚያውቀውን ያውቃል ብለን ተቀበልን። ፊልሙ «ከቂም ወንዝ ማዶ» ተባለ። በስልሳ ማይል ዙሪያ ወንዝ የሚባል የለም።

የፊልሙ ጠቅላላ ሀብት እምነት፣ ሦስት ፈረስና የወንድም ቲግ የእህት ልጅ ከርቲስ ሠርግ የሚቀርጽባት ካሜራ ነበር። ከሦስቱ ፈረሶች አንዷ በቅሎ ናት፤ ጆሮዋ እንዳያጋልጣት ባርኔጣ ተደርጎላታል። ላሞቹ ጆሮ ላይ ቢጫ የፕላስቲክ ቁጥር ተንጠልጥሏል፤ ታሪኩ የሚፈጸመው ግን ፕላስቲክ ሳይፈጠር ነው። ውስኪ ማሳየት ኃጢአት ስለሆነ ሽፍቶቹ በመጠጥ ቤቱ የሚገለብጡት የእኅት ኦፓልን ስኳር የበዛበት ቀዝቃዛ ሻይ ነበር። ከስድስት ብርጭቆ በኋላ እውነትም ዓይናቸው ይቅበዘበዛል።

ታሪኩ አጭር ነው። አንድ ክፉ ሰው የአንድ ደግ ሰውዬን ልጅ ይገድላል። ደጉ ሰውዬ ሊበቀል አገር ላገር ያሳድደዋል። መጨረሻ ላይ ያገኘዋል፤ አምስት ጊዜ ተኩሶ ይስታል፤ ስድስተኛዋን ጥይት አስቀርቶ ክፉውን ሰው አንበርክኮ ግንባሩ ላይ ይደግናል። ከዚያ መስቀሉ ትዝ ይለውና «ስለ ክርስቶስ ይቅር ብዬሃለሁ» ብሎ ሽጉጡን አቧራ ላይ ይጥላል። መዝሙር።

ደጉ ሰውዬ አባቴ ዶይል ስቶዳርድ ነው፤ በንፋስ የሚዞሩ የውሃ መሳቢያዎችን የሚጠግን፣ በቀን አሥራ ሁለት ቃል ቢናገር ተንዛዛሁ የሚል ሰው። በየማለዳው ይላጫል፤ ወንድም ቲግ ግን ሪዝ የሌለው ተበቃይ ማንም አያምነውም ብሎ የሐሰቱን አስለጠፈው። ክፉው ሰው ደግሞ ጌይሎን ፕሩዊት ነው። ጌይሎን ፕሩዊት ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሰክሮ ሲነዳ ፒካፕ መኪናውን ገልብጦ ወንድሜን ዌስሊን የገደለው ነው።

ይሄን ማንም አልደበቀኝም። ጌይሎን የዌስሊ የልብ ጓደኛ ነበር፤ እራት ላይ የራሱ ወንበር ነበረው። ታስሮ ሲወጣ ፀጉሩ ከፊት ሸሽቶ፣ ቀበቶው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ ተበስቶ መጣ። «የክፉውን ሰው ቦታ ማን ይወስዳል?» ሲባል ከኋላ ወንበር እጁን ያወጣ እሱ ብቻ ነበር። ወንድም ቲግ እዚያው አለቀሰ። ሰው ከሰው የሚታረቀው ካሜራ ፊት ከሆነ ይጸናል የሚል እምነት ነበረው፤ የትም ባይጻፍም በተግባር ይከተለው ነበር።

አሥራ አንድ ቅዳሜ ሙሉ አባቴና ጌይሎን በአንድ ስክሪን አልተገናኙም። አንዱ ይሸሻል፣ አንዱ ያሳድዳል። የሚገናኙት መጨረሻዋ ላይ ነው።

መጨረሻዋ ልትቀረጽ አራት ቀን ሲቀራት፣ ማክሰኞ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የቃላት ጥናቴን እጽፋለሁ። እናቴ ናዲን የአባቴን የፊልም ሰደርያ ትተኩሳለች። ካውያውን በሌላ ሰው ላይ የምታሳርፍ ይመስል ነበር።

«ዶይል፣ እስካሁን ያደረግከው ይበቃል» አለች። «ይቺኛዋን ሌላ ሰው ያድርጋት።»

«ማን?»

«ማንም! ባርኔጣህን ያድርግና ከጀርባ ይቀረጽ። ቲግ በቅሎን ፈረስ ነው ብሎ የሚያሳይ ሰው ነው፤ አንተን በሌላ መተካት ያቅተዋል?»

«ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ፊቱን እያየህ? እንዲህ፣ ከዚህ እስከዚያ ርቀት ላይ?»

«አንዴ ነው፣ ናዲን። አድርጌው ይለፍልኝ።»

«ከዚያስ? አንተ ያንን ካደረግክ በኋላ እኔና አንተ አንድ ቤት እንዴት እንኖራለን?»

አባቴ ብርጭቆ አሬራውን ጨልጦ ወጣ። እናቴ ሰደርያው ላይ ካውያውን ረስታው የጨርቅ ቃጠሎ ሸተተኝ። እኔም እርሳሴን ይዤ ቀዘቀዝኩ። ሊገድለው ነው ማለት ነው። ቃል ሰጥቷል። አንዴ ነው። ከዚያ አንድ ቤት አይኖሩም፤ እስር ቤት ይገባላ!

አሁን የማውቀውን ያኔ ባውቅ ጥሩ ነበር። እናቴ የፈራችው ይገድለዋል ብላ አልነበረም። ይቅር ይለዋል ብላ ነው። እሷ ገና ይቅር አላለችም፤ ሳትል ሞተች።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ከቤቱ ኋላ ባለው የሥራ ክፍሉ ጥይት ያመክናል። አዲስ ሳጥን ከፍቷል፤ ባለ ሃምሳ። አንዱን ያወጣል፣ በፒንሳ የአናቱን እርሳስ ይነቅላል፣ ባሩዱን ይቀንሳል፣ አፉን በሰም ይደፍናል። እንዲህ ሲሆን ይጮሃል እንጂ አይገድልም። እነዚያ እርሳሶች የቆርቆሮ ክዳን ላይ ሲወድቁ የሚያሰሙትን ድምፅ እወደው ነበር።

«ስንት ነው የምታመክነው አባዬ?»

«ስንት ይመስልሻል?»

«አምስት።» ይቺን ጥያቄ ተኝቼም እመልሳታለሁ። የእኛ አገር ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ የያዘ አስተዋይ ሰው የሚያጎርሰው አምስት ብቻ ነው፤ መቺው የሚያርፍባት ስድስተኛዋ ቀዳዳ ባዶ ትሆናለች። አለበለዚያ ፈረሱ ሲዘል የገዛ እግሩን ይመታል። ሌላም ትምህርት ነበረኝ፤ «ሽጉጥ የሰጠሽ መልአኩ ገብርኤልም ቢሆን፣ አመሰግናለሁ ከማለትሽ በፊት ከፍተሽ እዪ።» ይሄን ሲል ድምፁ ይቀየራል።

ያን ጊዜ ነው ውሻችን የጮኸው። ጌይሎን በር ላይ ቆሟል፤ ባርኔጣው በእጁ። ወደ ግቢያችን ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው።

«ይቅርታ አቶ ዶይል። ጉልበቴ ላይ የማስረው ስፖንጅ እርስዎ ጋ ነው ብለውኝ ነው። ለመንበርከኩ።»

«መኪናው ውስጥ ነው» አለና አባቴ ሊያመጣለት ወጣ።

ጌይሎን የሥራ ጠረጴዛውን ተደግፎ ቆመ። እኔ ወለሉ ላይ ነኝ። አየኝ፣ ዞር አለ፣ እንደገና አየኝ።

«አደግሽ ዊላ።»

ወለሉ ላይ የወደቀ ብሎን አነሣሁ።

«አሁንም ስትጽፊ ምላስሽን ታወጪያለሽ? ዌስሊ...» አለና አቆመ። የወንድሜን ስም ከአፉ ስሰማ ጆሮዬ ጋለ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። የቆርቆሮ ክዳኑ ሲንኳኳ ሰማሁ፣ ክርኑ ነክቶት መሰለኝ። አባቴ ስፖንጁን ይዞ ገባ።

«አቶ ዶይል» አለ ጌይሎን፤ ድምፁ ቀጭን ነበር። «ቅዳሜ የፈለጉትን ያድርጉ። እኔ አልንቀሳቀስም።»

«ቲግ አትንቀሳቀስ ካለህ አትንቀሳቀስ» አለ አባቴ።

ጌይሎን ስፖንጁን በግራ እጁ ተቀብሎ ሄደ። ቀኝ እጁን ከኪሱ አላወጣም። ጨዋነት የጎደለው ነው ብዬ ታዘብኩት።

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ መኪናው እስኪርቅ ሲያይ፣ እኔ ሳጥኑን ቆጠርኩ። ልጅ ሆኜ የማልቆጥረው ነገር አልነበረም። ሳጥኑ ውስጥ አርባ አራት አሉ። ክዳኑ ላይ አምስት እርሳስ። አርባ ዘጠኝ።

«አባዬ፣ ስንት ጥይት አወጣህ?»

«አምስት አልሽ አይደል? አምስት።»

ስድስተኛዋን ደበቀኝ። አባቴ ዋሽቶኝ አያውቅም ነበር፤ እናም የመጀመሪያ ውሸቱ በሸሚዙ የደረት ኪስ ውስጥ እንዳለች እርግጠኛ ሆንኩ። ሁለት ሌሊት ኪሱን እያለምኩ አደርኩ።

ለማን ልናገር? ለእናቴ? እናቴ ታውቃለች፤ ካውያዋ ይመሰክራል። ለወንድም ቲግ? ወንድም ቲግ በምሥጢር የሰማውን ሁሉ የጸሎት ርዕስ ብሎ በማይክ የሚያውጅ ሰው ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ሪዙን ሰረቅኩ።

ሪዙ የሚቀመጠው በእኅት ኦፓል የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። እኅት ኦፓል የልብስ፣ የፀጉር፣ የሳንድዊችና የተግሣጽ ኃላፊ ነበረች። የድንች ሰላጣዋን ስታማስል ቆርቆሮውን ከፍቼ ሪዙን አነሣሁና የአሻንጉሊቴ ቀሚስ ሥር ወተፍኩት። እኔም በፊልሙ ውስጥ ነኝ፤ በርሜል አጠገብ አሻንጉሊት ታቅፋ የምታለቅስ ወላጅ አልባ ልጅ ሆኜ። ስሌቴ ቀላል ነበር፤ አሥራ አንድ ቅዳሜ ሪዝ የነበረው ሰው በአሥራ ሁለተኛው ያለ ሪዝ ሊታይ አይችልም። ሪዝ ከሌለ ቀረጻ የለም፤ ቀረጻ ከሌለ ግድያ የለም።

«ሪዙስ?» አለች እኅት ኦፓል።

ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሃርመን ፍላት ሪዝ ፈለገች። ድንኳኑ ተገለበጠ። የበቅሎዋ ባርኔጣ ተፈተሸ። የድንች ሰላጣው በጭልፋ ተመረመረ።

«ሰይጣን ነው!» አለ ወንድም ቲግ። «ይቺ ትዕይንት እንዳትሠራ የሚፈልግ ሰይጣን ነው!»

«ሰይጣን ሪዝ ምን ያደርግለታል ፓስተር? የራሱ አለው» አለች እኅት ኦፓል።

«ከበቅሎዋ ጭራ ቆርጠን እንለጥፍለት?» አለ ከርቲስ።

ተቆረጠ፤ ተለጠፈ። አባቴ መጥረጊያ የነከሰ ሰው መሰለ። ማንም ሳይስቅ ተነቀለ። አባቴ ይሄን ሁሉ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ችሎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ አየ። አሻንጉሊቴን አጥብቄ ያዝኩ።

ሽጉጡ የት ነበር? ይሄ የፊልማችን ትልቁ ሕግ ነው። ወንድም ቲግ ቀረጻ ላይ ሰው በስህተት መመታቱን ጋዜጣ ላይ አንብቦ፣ በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ደነገገ፦ ሽጉጥ የሚደገንበት ሰው ራሱ ሽጉጡን ይጠብቅ፣ ራሱ ይፈትሽ፣ ለሚተኩሰውም በእጁ ያስረክብ። «ነፍሱ የራሱ ናትና ከሱ በላይ የሚጠነቀቅላት የለም» አለ። ሁላችንም እንዴት ያለ ጥበብ ነው አልን። ነፍሱን የማይፈልጋት ሰው ሊኖር ይችላል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ሰው ከኋላ ወንበር እጁን ሲያወጣ እያየነው እንኳ።

ስለዚህ እኛ ሪዝ ስንፈልግ ጌይሎን ከደረቁ የከብት ውሃ ገንዳ ጥላ ሥር፣ ሽጉጡን ጭኑ ላይ አድርጎ ብቻውን ተቀምጧል። አየሁት። ምስኪን፣ የሚመጣበትን አያውቅም ብዬ አሰብኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩለት።

ስድስት ሰዓት ሲል ፀሐይዋ አናታችን ላይ ቆመች። ወንድም ቲግ ባርኔጣውን መሬት ላይ ወረወረ።

«ሪዝ የለውም! በቃ! አሮጌው ሰው ተወግዷል፣ ይቅር የሚል ሰው ፊቱ ንጹሕ ነው! ተመልካች ይገባዋል። ካልገባው ይጸልይበት። ቦታ ቦታችሁን ያዙ!»

እንዲህ በቀላሉ ይፈርሳል ብዬ አልጠበቅኩም። በርሜሉ አጠገብ ቆምኩ፤ እውነተኛ እንባ ወረደኝ። «ጎበዝ ዊላ፣ እንደሱ!» አለኝ ከርቲስ።

ጌይሎን ሽጉጡን ይዞ መጣ። እንደ ሕጉ ጎኑን ከፍቶ፣ እያዞረ፣ ጮክ ብሎ ቆጠረ። «በሰም የተደፈነ አምስት። ባዶ አንድ።» እኛ ግን ቁጥሩ ሲጀመር ዓይን መጨፈን ልማድ አድርገነው ነበር፤ ቆጠራውን ወንድም ቲግ በጸሎት ነበር የሚያጅበው። ሃያ ሦስት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ «አሜን» አለ። እኔ በጣቶቼ መካከል የማየው አባቴን ነው።

አባቴ ሽጉጡን ተቀበለ። ከፍቶ አላየም።

ገብርኤልም ቢሆን ያለው ሰው! ሳያይ ወገቡ ላይ ሻጠው። የማያየው ውስጡ ያለውን ስለሚያውቅ ነዋ!

ዛሬ ሌላ ነገር አየዋለሁ። ሃያ ሦስት ሰው ፊት ጌይሎን የሰጠውን ሽጉጥ ከፍቶ ማየት፣ «አንተን አላምንም» ማለት ነበር። አባቴ ወንድም ቲግ የጻፈለትን ቃል ሳይናገር በፊት የራሱን ተናግሮ ነበር፤ ማናችንም አልሰማነውም።

«እንጀምር!»

ጌይሎን ከገንዳው ኋላ ሮጠ። አባቴ ተከተለው። አንድ! በቅሎዋ ባርኔጣዋን ጥላ ሁለት ጆሮዋን ለታሪክ አጋለጠች፤ ማንም አላቆመም። ሁለት። ሦስት። የባሩዱ ሽታ አፌ ውስጥ ገባ። አራት። ጌይሎን ተደናቅፎ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ዞረ። አምስት። ተንበረከከ። አባቴ ደረሰበት፤ አፈሙዙን ግንባሩ ላይ አደረገ። አቀባበለ። ያቺ ቀጭን ጠቅ የምትል ድምፅ እኔ ጋ ደረሰች።

ስድስተኛዋ ባዶ መሆን አለባት። እኔ ግን ባዶ እንዳልሆነች አውቃለሁ። ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ቆሜ፣ መጮኽ ፈልጌ፣ ድምፅ አልወጣ አለኝ።

የጌይሎን ከንፈር ተንቀሳቀሰ። አራት አምስት ቃል ብቻ። በጽሑፉ ላይ እዚህ ቦታ ንግግር የለውም። እየለመነው ነው አልኩ፤ አውቆበት ስለ ነፍሱ እየለመነው ነው።

አባቴ ድንጋይ ሆነ። ዌስሊ በሞተባት ሌሊት እናቴ ስልኩን ስታነሣ ያየሁበት ፊት መጣበት። ከአንድ መዝሙር ሁለት አዝማች የሚዘመርበት ያህል ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። እኅት ኦፓል ጭልፋዋን እንደያዘች «ቃሉ ጠፋበት መሰለኝ» ስትል ሰማሁ።

ጌይሎን ዓይኑን ጨፈነ። አልተንቀሳቀሰም። እንዳለው።

ከዚያ አባቴ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አነሣ። መቺውን በአውራ ጣቱ ይዞ፣ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ አድርጎ መለሰው። ጎኑን ከፈተ፣ አዞረ፣ ገፋት። ጥይቷ መዳፉ ላይ ወደቀች። ሙሉ ናት፤ አናቷ ላይ እርሳሷ አለ። ፀሐይ ላይ አብረቀረቀች። አያት። የደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት። ኪሱን ቆለፈ።

«ተነሣ» አለ።

ጌይሎን መነሣት አልቻለም። በግንባሩ አቧራው ላይ ተደፋ፤ ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር። አባቴ ሽጉጡን ከፍቶ ባዶውን መሬት ላይ አስቀመጠና ጀርባውን ሰጥቶን ወደ መኪናው ሄደ።

«ሃሌ ሉያ!» ብሎ ጮኸ ወንድም ቲግ። «አያችሁ? ጥይቷን አወጣት! እኔ ያልጻፍኩትን መንፈስ ቅዱስ ጻፈው!»

ሰዉ አጨበጨበ። እኔ አሻንጉሊቴ ላይ አስመለሰኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ አባቴ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ሳንድዊች በላሽ?» አልበላሁም አልኩት። ዓይኔ ከኪሱ አልተነቀለም። እንግዲህ አልተሳሳትኩም፤ ይዟት ሄደ፣ አስገባት፣ መጨረሻ ላይ ፈራ። አባቴ ፈርቶ የተመለሰ ገዳይ ነው።

ፊልሙ በአሥራ ሰባት ጸሎት ቤቶች ታየ። ሰው ሁሉ የሚያለቅሰው በዚያች ጥይት ላይ ነው። አባቴ ያልተናገራት «ስለ ክርስቶስ ይቅር ብዬሃለሁ» በጀርባው ላይ በወንድም ቲግ ድምፅ ተለጥፋለች፤ የሄደው አንድ ሰው፣ የተናገረው ሌላ። ስለ ጠፋው ሪዝ የጠየቀ ተመልካች የለም። የበቅሎዋን ጆሮ ግን ሁሉም አየ።

እኔ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ወደ ሥራ ክፍሉ አልገባሁም። መፍቻ አላቀበልኩትም። እሱም ነይ ብሎ አልጠራኝም። በአሥራ ስምንት ዓመቴ ለትምህርት ከከተማው ስወጣ አቀፈኝ፤ እኔ የያዝኩት ሻንጣዬን ነው። ጌይሎን የጸሎት ቤቱ ሣር አጫጅና ቁልፍ ያዥ ሆነ። በየሐሙሱ ከአባቴ ጋር ዶሚኖ ይጫወታል። አባቴ ጸጽቶት የሚያደርገው ነው ብዬ፣ ለሰው ሳወራ እንኳ በቀልድ መልክ አወራው ነበር። ሰዎችን ማሳቅ እንጀራዬ ሆኗል፤ በአባቴ ብዙ አስቄያለሁ።

ባለፈው የካቲት ከርቲስ የድሮ ካሴቶቹን ሊጥል ሲል ደወለልኝ። «ያልተቆረጠው አለ፤ ትፈልጊዋለሽ?» ወሰድኩት።

ሪዝ በምንፈልግባት ሰዓት ካሜራዋን ማንም አላጠፋትም። እኛ ከፊት እንተራመሳለን። ከኋላ፣ በጣም ርቆ፣ ገንዳው ጥላ ሥር አንድ ሰው ተቀምጧል። እጁን ኪሱ ይከታል። ሽጉጡን ይከፍታል። አንዲት ነገር ያስገባል። ያወጣታል። ፊቱን በባርኔጣው ይሸፍናል። እንደገና ያስገባል። ያወጣታል። እኔ ከጎኑ አሻንጉሊት ታቅፌ አልፋለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ያስገባታል፤ ወዲያው «ቦታ ቦታችሁን ያዙ!» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ሪዙን ሰርቄ ለጌይሎን ያን ሁሉ ጊዜ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ባልሰርቀው ኖሮ ያስገባት ነበር? ወይስ ተጨማሪ ሰዓት ቢያገኝ ለመጨረሻ ጊዜ ያወጣት ነበር? አላውቅም።

መጨረሻው ላይ ድምፅ አለ። ከርቲስ ለሙሽሮች የሚሰካትን ትንሽ ማይክ ጌይሎን ሰደርያ ላይ ሰክቷት ነበር፤ ፊልሙ ላይ መዝሙር ደርበውባት ነው ያልሰማነው። «አቶ ዶይል፣ ስድስተኛዋ ባዶ አይደለችም» ይላል። አይለምንም። ያስታውቃል።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ስድስት ሰዓት ሙሉ ነድቼ አባቴ ቤት ደረስኩ። አባቴ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ የዶሚኖ ሳጥኑን ይገለብጣል። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ከዶሚኖዎቹ ጋር አንዲት ጥይት ተንከባለለች፤ ነሐሷ አረንጓዴ ሆኗል። ሳይቸኩል አነሣትና ወደ ባዶው ሳጥን መልሷት ክዳኑን ገጠመው።

«አባዬ፣ ካሴቱን አየሁት። ያልተቆረጠውን።»

ዶሚኖዎቹን በፊታቸው እየደፋ መበወዝ ጀመረ።

«ጌይሎን ነው ያስገባት።»

«እህ።»

«እኔ እኮ ሃያ አራት ዓመት አንተ መስለኸኝ ነው የኖርኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

«ሐሙስ ዕለት ሳጥኑን ስትቆጥሪ አይቼሻለሁ። ምን እንደምትቆጥሪ ግን አልገባኝም ነበር። ቅዳሜ ማታ እኔም ቆጠርኩ፤ ያኔ ገባኝ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «ሪዙንም የሰረቅኩት እኔ ነኝ።»

«እሱንም አውቃለሁ። ከአሻንጉሊትሽ ቀሚስ ሥር ግማሹ ወጥቶ ነበር። ኮርማ መስላ ነበር።»

ሳቄ አመለጠኝ፤ ከሳቁ ጋር ሌላም ነገር አብሮ አመለጠ። ውጭ የመኪና ድምፅ ተሰማ። ጌይሎን ነው፤ ከዚያ ዘመን ወዲህ መኪናውን በእግር የሚሄድ ሰው ያህል ነው የሚነዳው፤ ከአጥሩ እስከ በራችን ለመድረስ ጊዜ ይፈጅበታል። ያቺን ጊዜ ተጠቀምኩባት።

«አንዲት ቃል ብትነግረኝ እኮ ይበቃኝ ነበር። እሱን ላለማጋለጥ ብለህ እኔን አጣኸኝ። እያወቅክ! ለምን?»

አባቴ ዶሚኖዎቹን ለሦስት ሰው አደለ። ሰባት ለራሱ፣ ሰባት ለጌይሎን፣ ሰባት ደግሞ እኔ ፊት ገፋ።

«አባዬ፣ መልስልኝ።»

በሩ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ፤ ቀስ ብሎ።

«አልመልስም» አለ። «ክፈቺለት።»